ከቁጥሩ ውጭ የቀሩት 21 ሰዎች

ስለ ስኳር ሕመምና ስለ አመጋገብ የተጻፈ ነገር የሚከታተል ሰው 1.23 የምትባል ቁጥር ሳታጋጥመው አትቀርም። ከእንስሳት ተዋጽኦ የጸዳና ቅባቱ የቀነሰ ምግብ የተመገቡ ሕሙማን የሦስት ወር አማካይ የደም ስኳራቸው በ1.23 ነጥብ ወረደ ይባላል። ቅናሹ ቀላል አይደለም፤ አንድ የሚዋጥ የስኳር መድኃኒት ብዙውን ጊዜ የሚያወርደው አንድ ነጥብ አካባቢ ነው። ቁጥሩም ሐሰት አይደለም። ችግሩ የመጣበት ሳይነገር ብቻውን መዞሩ ነው፤ ብቻውን ሲዞር በጥናቱ ውስጥ ከሁሉ በላይ የተሻላቸውን ሰዎች ደብቆ ይዞራል። እነዚያን ሰዎች ለማግኘት ጥናቱን ከመነሻው መከተል ያስፈልጋል።

ሙከራው የተካሄደው በዋሽንግተን ዲሲ ነው። ውጤቱ በ2006 «ዳያቤትስ ኬር» በተባለው የሕክምና መጽሔት ታተመ፤ እዚህ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። የመሩት ዶክተር ኒል ባርናርድ ናቸው። ሰውየው ከዳር ቆመው የሚታዘቡ ገለልተኛ አይደሉም፤ አንባቢ ይህን አስቀድሞ ማወቅ አለበት። በ1985 የመሠረቱት የሐኪሞች ማኅበር ሥጋ፣ ወተትና እንቁላል ከማዕድ እንዲወጡ በይፋ የሚሰብክ ነው። አባታቸው በሰሜን ዳኮታ፣ በፋርጎ ከተማ፣ ዕድሜያቸውን የስኳር ሕመም ሲያክሙ የኖሩ ሐኪም ነበሩ፤ የቤተሰቡ መሠረት ደግሞ ከብት እርባታ ነው። ከከብት አርቢ ዘር የሥጋ ተቃዋሚ መውጣቱ ራሱን የቻለ ወግ ይሆን ነበር። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ሌላ ጥያቄ ነው፤ አስቀድሞ ያመነበትን ነገር የሚፈትን ሰው ሚዛኑ ወደ እርሱ እንዳያጋድል ምን ጥንቃቄ አደረገ?

ሦስት ነገር ተደርጓል። አንደኛ፣ ማን የትኛውን ምግብ እንደሚመገብ የወሰነው ዕጣ ነው። ሁለተኛ፣ ለማነጻጸሪያ የቀረበው አመጋገብ ለመሸነፍ የተዘጋጀ ደካማ ተፎካካሪ ሳይሆን የአሜሪካ የስኳር ሕመም ማኅበር በ2003 ያወጣው መመሪያ ነው። ሦስተኛውና በእኔ ግምት ዋናው፣ መድኃኒት መቀነስ ሲያስፈልግ የሚወስነው የሆርሞን ሕመሞች ስፔሻሊስት ሕመምተኛው ከየትኛው ቡድን እንደሆነ አያውቅም ነበር። ከአጥኚዎቹ መካከልም የቶሮንቶው ዴቪድ ጄንኪንስ ነበሩበት፤ ምግቦች የደም ስኳርን በምን ፍጥነት ከፍ እንደሚያደርጉ የሚለካውን የግላይሴሚክ ኢንዴክስ መለኪያ በ1981 ያስተዋወቁት እርሳቸው ናቸው።

ተሳታፊዎቹ 99 ነበሩ፤ ሁሉም ዓይነት 2 የስኳር ሕመም ያለባቸው። 49ኙ ከእንስሳት ተዋጽኦ ወደ ጸዳው ምግብ፣ 50ዎቹ ወደ ስኳር ሕመም ማኅበሩ መመሪያ ተመደቡ። ኤዋንሲያቸው ከ6.5 እስከ 10.5 ባለው ውስጥ ሲሆን አማካዩ ወደ 8 ይጠጋል። ኤዋንሲ የሚባለው ምርመራ የሚለካው በቀይ የደም ሴሎች ውስጥ ካለው ሄሞግሎቢን ከመቶ ምን ያህሉ ስኳር እንደተጣበቀበት ነው። አንድ ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ያህል ስለሚኖር ውጤቱ ያለፉትን ሁለትና ሦስት ወራት ይናገራል። ወደ ሐኪም ከመሄዱ በፊት ባለው ሳምንት ብቻ ጨዋ የሚሆነውን ሰው የሚያጋልጠውም ለዚህ ነው። ከ5.7 በታች ጤናማ፣ 6.5ና ከዚያ በላይ የስኳር ሕመም ተብሎ ይያዛል።

ሁለቱ ማዕዶች

የማኅበሩን መመሪያ የተከተሉት እንደየክብደታቸውና እንደየኮሌስትሮላቸው ለእያንዳንዳቸው ዕቅድ ወጣላቸው። ክብደታቸው ከልክ ያለፈው ከዕለት ምግባቸው ከ500 እስከ 1,000 ካሎሪ እንዲቀንሱ ተነገራቸው። ይህ መለካት፣ መቁጠርና እየራበ ማቆም ያለበት መንገድ ነው፤ ብዙ የስኳር ሕሙማን በደንብ ያውቁታል።

የሌላው ቡድን ሕግ አጭር ነበር። ከእንስሳት የተገኘ ነገር የለም፤ የተጨመረ ዘይትና ቅባት የለም፤ ከእህልና ከአትክልትም እንደ ባቄላ፣ ምስርና ቅጠላ ቅጠል ያሉት፣ ስኳርን በዝግታ የሚለቁት ይመረጣሉ። ከዚህ ውጭ መጠን አይለካም፤ ካሎሪም አይቆጠርም። እስኪጠግቡ መብላት ይቻላል። ከጠቅላላው ጉልበት 10 በመቶው ከቅባት፣ 15 በመቶው ከፕሮቲን፣ 75 በመቶው ከካርቦሃይድሬት እንዲሆን ነበር የታሰበው።

10 በመቶ ቅባት በወረቀት ላይ ቀላል ይመስላል። ወጥ ቤት ገብተን እንየው። በቀን 1,800 ካሎሪ የሚመገብ ሰው ከቅባት እንዲያገኝ የሚፈቀድለት 180 ካሎሪ፣ ማለትም 20 ግራም ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ያውም ሁለመናው ቅባት ነው። እንግዲህ ሽንኩርቱን ለማቁላላት አንድ ተኩል ማንኪያ ዘይት ድስቱ ላይ ያፈሰሰ ሰው የዕለት ድርሻውን ገና ምሳው ሳይቀርብ ጨርሶታል፤ ሽምብራውና አጃው በራሳቸው የያዙት ቅባት ሳይቆጠር። ስለዚህ ሽንኩርቱ በውኃ ይበስላል። ድስቱ መያዝ ሲጀምር አንድ ማንኪያ ውኃ፣ እንደገና ሲይዝ እንደገና አንድ ማንኪያ። የሚጠይቀው አጠገቡ መቆምን ነው። ብዙ ሰው «ሥጋ ተውኩ» ብሎ ዘይቱን እንደነበረ ሲተወው፣ ያደረገው ነገር እዚህ ከተፈተነው አመጋገብ ጋር እምብዛም እንደማይገናኝ አያስተውልም።

ምግቡ ተዘጋጅቶ አልታደለም። እያንዳንዱ ሰው ከራሱ ወጥ ቤት ነው የሚበላው፤ በየሳምንቱ ለአንድ ሰዓት ከየቡድኑ ጋር እየተሰበሰበ ከሐኪም፣ ከሥነ ምግብ ባለሙያ ወይም ከምግብ አብሳይ ይማር ነበር። የእንቅስቃሴ ልማዳቸውን እንዳይለውጡ ተጠየቁ፤ ውጤቱ ከእግር ጉዞው ይሁን ከምግቡ እንዳይምታታ። ይህ ለ22 ሳምንታት ቆየ።

75 በመቶ ካርቦሃይድሬት ለስኳር ሕመምተኛ?

ዕድሜ ልኩን «እህል ቀንስ» ሲባል ለኖረ ሰው ይህ ቀልድ ይመስላል። ቀልድ ግን አይደለም፤ ሐሳቡም አዲስ አይደለም። በለንደን ሃሮልድ ሂምስዎርዝ በ1930ዎቹ ጤናማ ሰዎችን እያፈራረቁ ሲመግቡ፣ ካርቦሃይድሬት የበዛበት ምግብ ሰውነት ለኢንሱሊን (ስኳርን ከደም ወደ ሴሎች ለሚያስገባው ሆርሞን) ያለውን ምላሽ ሲያሻሽል፣ ቅባት የበዛበት ደግሞ ሲያዳክመው አይተዋል። በዓይነት 2 የስኳር ሕመም መነሻው ብዙውን ጊዜ የኢንሱሊን እጥረት አይደለም። ኢንሱሊኑ አለ፤ ጡንቻና ጉበት ናቸው የማይሰሙት። ቆሽት ድምፁን ከፍ እያደረገ ለዓመታት ይጣራል፤ በመጨረሻ ይደክመዋል።

ጡንቻውን ያደነቆረው ምንድን ነው ለሚለው አንዱ ጠንካራ መልስ የመጣው ከዬል ዩኒቨርሲቲ ነው። በ1996 በታተመ ሥራ ጤናማ ሰዎች በደም ሥራቸው ቅባት ሲሰጣቸው ጡንቻቸው ስኳርን የመውሰድ አቅሙ በጥቂት ሰዓታት ውስጥ አሽቆለቆለ። በ2004 ደግሞ ወጣትና ቀጭን ሆነው ሳለ ሰውነታቸው ለኢንሱሊን የማይታዘዝ፣ ወላጆቻቸው የስኳር ሕመምተኛ የሆኑ ሰዎች ተመረመሩ። በጡንቻ ሴሎቻቸው ውስጥ የተገኘው ቅባት ከሌሎቹ በ80 በመቶ የበለጠ ነበር። ሕመሙ ገና ሳይጀምር ቅባቱ ቦታውን ይዞ ተገኝቷል ማለት ነው።

ይህ ማለት ግን ማንኛውም ካርቦሃይድሬት ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ስኳር ራሱ ከተክል የሚገኝ ነው። ነጭ ዱቄትም፣ የፍራፍሬ ጭማቂም፣ የተጠበሰ ድንችም ከእንስሳት የጸዱ ናቸው። ከሃርቫርድ የወጣና ከ200,000 በላይ አሜሪካውያን የጤና ባለሙያዎችን የተከታተለ የ2016 ትንታኔ ሁለቱን ለይቶ ተመልክቷል። ያልተፈተገ እህል፣ ጥራጥሬ፣ አትክልትና ፍራፍሬ በብዛት የሚመገቡት ለዓይነት 2 የስኳር ሕመም የመጋለጣቸው ነገር በ34 በመቶ ዝቅ ያለ ነበር፤ ጣፋጭ መጠጥና የተፈተገ እህል የሚያበዙት ደግሞ በ16 በመቶ ከፍ ያለ። ሁለቱም «አትክልት ተመጋቢ» ሊባሉ ይችላሉ።

ውጤቱ፣ እና ቁጥሩ የተወለደበት ቦታ

ከ22 ሳምንታት በኋላ ኤዋንሲ ተለካ። ከእንስሳት ተዋጽኦ የጸዳውን የበሉት በአማካይ 0.96 ነጥብ፣ የማኅበሩን መመሪያ የተከተሉት 0.56 ነጥብ ወረደላቸው። ሁለቱም ቡድኖች ተሻላቸው። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ግን በስታቲስቲክስ መስፈርት ከአጋጣሚ የሚለየውን መስመር አላለፈም። ሙሉው ጥናት፣ ዕጣው እንዳወጣው፣ የሚናገረው ይህንን ነው። 1.23 እዚህ ውስጥ የለችም።

ታዲያ ከየት መጣች? እዚህ ላይ ነው መድኃኒቱ የሚገባው። ሰዎቹ ሙከራውን የጀመሩት መድኃኒታቸውን እየወሰዱ ነው፤ እንዳይለውጡትም ተነግሯቸዋል። አንድ ነገር ብቻ ይህን ያፈርሰዋል፤ ስኳሩ ከልክ በታች መውረድ ከጀመረ። በመለኪያው ላይ ከ65 ሚሊግራም በታች በተደጋጋሚ ከታየ፣ ወይም ከ80 በታች ሆኖ የሕመም ስሜት ካለው፣ ያ ቡድኑን የማያውቀው ስፔሻሊስት መድኃኒቱን ይቀንሳል።

ከ49ኙ የ21ዱ መድኃኒት ተቀነሰ። 43 በመቶ ማለት ነው። ከሌላኛው ቡድን የተቀነሰላቸው 13 ናቸው፤ 26 በመቶ።

የእነዚህን 21 ሰዎች ሁኔታ በጥሞና እንየው። ምግቡ ከሁሉም በላይ የሠራላቸው እነርሱ ናቸው፤ በጣም ከመሥራቱ የተነሣ የቀድሞው መድኃኒት በዛባቸው። መድኃኒቱ ሲቀነስ ግን ስኳራቸው ያንን ያህል ወደ ላይ ይመለሳል፤ ስለዚህ ኤዋንሲያቸው የምግቡን ሙሉ ጉልበት አያሳይም። የ0.96ቷን አማካይ ወደ ኋላ የያዟት እነርሱ ናቸው ማለት ይቻላል። አጥኚዎቹ ይህን አይተው መድኃኒታቸው ያልተነካውን ብቻ ለይተው አሰሉ፤ 24 ሰዎች ከአንዱ፣ 33 ከሌላው። ያን ጊዜ ልዩነቱ 1.23 በ0.38 ሆነ፤ ከአጋጣሚም ተለየ። ቁጥሯ የተወለደችው እዚህ ነው፤ ከ49ኙ 24ቱን ብቻ ይዛ።

ስሌቱ የሚያስወቅስ አይደለም፤ አጥኚዎቹም አልደበቁትም። ግን ዋጋ ያስከፍላል። ዕጣው ያመጣጠናቸው 49ና 50 ሰዎች ናቸው እንጂ 24ና 33 አይደሉም፤ ከሙከራው በኋላ በሆነ ነገር ሰው ሲመረጥ የዕጣው ፍትሕ ይላላል። ለእኔ ከጠቅላላው ሠንጠረዥ በእርሳስ የማሰምርበት መስመር 43ና 26 የሚለው ነው። ሌላውን ስሌት ሁሉ ሰው ይከራከርበታል፤ የመድኃኒት ካርዱ ላይ የተቀነሰው መጠን ግን ቡድኑን በማያውቅ እጅ የተጻፈ ነው።

ክብደት በአንዱ ቡድን 6.5 ኪሎ፣ በሌላው 3.1 ኪሎ ቀነሰ፤ ካሎሪ ያልቆጠሩት ናቸው የበለጠውን የቀነሱት። መጥፎው ኮሌስትሮል፣ የኮሌስትሮል መድኃኒታቸውን ባልለወጡት ዘንድ፣ 21.2 በመቶ በ10.7 በመቶ ወረደ። መመሪያን በመጠበቅም ቢሆን ያልተጠበቀ ነገር ታየ፤ ከእንስሳት የጸዳውን ሕግ እንደታሰበው የጠበቁት 67 በመቶ ሲሆኑ፣ የመቁጠሩን ሕግ የጠበቁት 44 በመቶ ነበሩ። ጥብቅ ሕግ ከልከኛ ሕግ ይልቅ ለመከተል ይቀላል የሚለው ነገር ለብዙ ሐኪም አይዋጥም። አልኮል ለማቆም የሞከረ ሰው ግን ይገባው ይሆናል፤ «ፈጽሞ አልነካም» ማለት «ትንሽ ብቻ» ከማለት ብዙ ጊዜ ይቀልላል።

ቤቱ ሆኖ ለሚሞክር

የእነዚያን 21 ሰዎች ታሪክ ሐኪምና ስልክ አጠገባቸው በሌለበት እናስበው። ኢንሱሊን የሚወጋ ወይም ግሊቤንክላማይድን የመሰለ መድኃኒት የሚውጥ ሰው ሰኞ ጠዋት ማዕዱን ይለውጣል። መጠኑ ያው፣ ሰዓቱ ያው። ሐሙስ ሌሊት በላብ ተጠምቆ ይነቃል፤ እጁ ይንቀጠቀጣል፤ ልቡ ይመታል፤ ሚስቱ ስታናግረው የሚመልሰው ግራ ይገባል። ምግቡ አልተስማማውም ብለው ይተዉታል። በእውነቱ የማይስማማው የድሮው መጠን ነው። ሜትፎርሚን ብቻውን ስኳርን ከልክ በታች የሚጥለው ከስንት አንዴ ነው፤ ኢንሱሊንና ቆሽትን የሚገፉት እንክብሎች ግን ይጥላሉ፤ በአደገኛ ሁኔታም ይጥላሉ። ስለዚህ መጀመሪያ ሐኪሙ ይወቅ፤ የመጠን ለውጡ አስቀድሞ ይታቀድ፤ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት መለኪያው ከወትሮው ደጋግሞ ይሥራ። ዓይነት 1 ያለበት ሰው ምንም ቢመገብ ኢንሱሊኑን ማቆም አይችልም። ኩላሊቱ በጣም የደከመ ሰው ደግሞ ጥራጥሬና ቅጠላ ቅጠል የያዙት ፖታሲየም ሊጎዳው ስለሚችል የራሱ የተለየ ዕቅድ ያስፈልገዋል።

74ኛው ሳምንት

22ኛው ሳምንት ላይ ያቆሙ ጽሑፎች ብዙ ናቸው። ጥናቱ ግን አላቆመም። ተሳታፊዎቹ ለተጨማሪ 52 ሳምንታት ተከታተሉ፤ ስብሰባው በየሁለት ሳምንቱ ሆነ፤ መምጣትም በፈቃድ ሆነ። በ2009 የታተመው የ74 ሳምንት ውጤት የሚያሳየው የኤዋንሲ ቅናሽ 0.34 በ0.14 ነው። ልዩነቱ በአጋጣሚ ሊመጣ የሚችል። ክብደቱም 4.4 ኪሎ በ3.0 ሆኖ ተቀራረበ። መድኃኒት ከመለወጡ በፊት ያለው ልኬት ብቻ ሲያዝ ግን ቅናሹ 0.40 ነው፤ በሌላው ቡድን ከዜሮ ፈቀቅ አላለም። ያ አሮጌ ጥያቄ እዚህም ተመልሶ መጣ ማለት ነው፤ መድኃኒቱን ትቆጥረዋለህ ወይስ ትተወዋለህ?

የአንድ ሰዓቱ ሳምንታዊ ስብሰባ ሲላላ ከኤዋንሲው ቅናሽ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ አብሮት ላላ። ይህን እንደ ምግቡ ሽንፈት የሚያነብ አለ። እኔ የማነበው እንደ ስብሰባው ድል ነው፤ መድኃኒቱ ምግቡ ብቻ ሳይሆን በየሳምንቱ የሚጠብቅህ ወንበርም ነበር።

ክብደቱስ? የኤዋንሲው ቅናሽ ከክብደቱ ቅናሽ ጋር አብሮ እንደሄደ አጥኚዎቹ ራሳቸው ጽፈዋል። ክብደት በሌላ መንገድ ሲቀነስም ስኳሩ ይታዘዛል። በብሪታኒያ በ2017 የታተመ፣ 306 ሰዎች የተሳተፉበት ሙከራ ከሕመምተኞቹ ግማሾቹን በአነስተኛ ካሎሪ ምግብ አስጀምሮ በአንድ ዓመት ውስጥ ከእነዚህ 46 በመቶው መድኃኒት አቁመው ስኳራቸው ከሕመም ወሰን በታች ሆኗል። የአትክልቱ ማዕድ ልዩ የሚሆነው ስኳርን የሚያወርድ ብቸኛ መንገድ ስለሆነ አይደለም። ሳይራቡና ሳይቆጥሩ ክብደት የሚቀንሱበት፣ በዚያውም ኮሌስትሮል የሚወርድበት መንገድ ስለሆነ ነው። የአሜሪካው ማኅበርም በ2019 ባወጣው የአመጋገብ ስምምነት ሰነድ የአትክልት ተመጋቢዎችን ማዕድ ለስኳር ሕመም ከሚመከሩት አማራጮች አንዱ አድርጎ አስፍሮታል። በማነጻጸሪያነት ከተፈተነበት ማኅበር የመጣ ነውና ቀላል አይደለም።

በጥናቱ ውስጥ ማንም የማይጠቅሳት አንዲት ትንሽ ነገር አለች። ቪታሚን ቢ12 ከተክል አይገኝም። ሜትፎርሚን ደግሞ፣ በዓለም ላይ ከሁሉም በላይ የሚታዘዘው የስኳር መድኃኒት፣ ሰውነት ቢ12ን ከምግብ የመውሰድ አቅሙን ለዓመታት እየቀነሰ ይሄዳል። ሁለቱ በአንድ ሰው ላይ ሲገናኙ የእጥረቱ ስጋት ይብሳል። ምልክቱም ተንኮለኛ ነው፤ የእግር ጣት መደንዘዝ፣ የውስጥ እግር ማቃጠል፣ በጨለማ ሲራመዱ መንገዳገድ። ሕመምተኛውም ሐኪሙም «ስኳሩ ነርቭ ጎዳ» ብለው ያልፉታል፤ ምክንያቱም ስኳርም ይህንኑ ያደርጋል። በደም ምርመራ መለየት ይቻላል፤ በጊዜ ከተደረሰበትም በቢ12 ይመለሳል። በዋሽንግተኑ ሙከራ ለ99ኙም ሰዎች፣ ሥጋ ለሚበሉትም ለማይበሉትም፣ በየሁለት ቀኑ የሚወሰድ 100 ማይክሮግራም የቢ12 እንክብል ተሰጥቷቸው ነበር።